አንዱን ጫማ ብቻ ላጠለቀችለት እህታችን

ይህችን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኳት። ዛሬ ግን ሳላመሰግን ባድር ይቆጨኛል።

አባቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ እጅና እግሩ ከጠበቅነው በላይ ተሽሎታል። ያስቸገረን ሌላ ነው፤ ምንም ነገር አላምረው አለ። አይከፋው፣ አያለቅስ፣ ካስቀመጥነው ሳይነሳ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እንቅስቃሴህን ሥራ ስንለው "እሺ፣ በኋላ" ነው መልሱ። ያ "በኋላ" አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ የእንቅስቃሴ ሥዕል ያለበት ወረቀት አስይዘው ሸኙን። ሌላው ጋ ባለሙያው፣ አባቴ እየሰማ፣ "እሳቸው ካልፈለጉ እኛ ምን እናድርግ? ሰንፈዋል እኮ!" አለን። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ሲነሳ የኖረ ሰው! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይባስ ብሎ፣ አንድ ቀን እኔም ያንኑ ቃል ደግሜ ጮህኩበት።

ከዚያ ይህችን ፊዚዮቴራፒስት፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ አገኘን። ለብቻዬ ጠርታ "ስንፍና አይደለም። ስትሮክ ከመታቸው 3 ሰዎች 1ዱን ያህል እንዲህ ያደርጋል፤ የተጎዳው ማስጀመሪያው ነው" አለችኝ። ስለ አንጎል ብዙ አስረዳችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። "ማስጀመሪያው" ያለችው ግን ገባኝ።

እሷ "አባባ፣ እንነሳ?" ብላ አትጠይቅም፤ ከጠየቀችው እምቢ ይላላ። ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማውን አጠለቀችለት፣ የግራውን አጠገቡ አስቀምጣ ዝም አለች። ላግዘው ብድግ ስል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን እንጃ። አባቴ ባዶ እግሩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ አነሳው። "በሉ አባባ፣ እስከ በሩ ይሸኙኝ" አለችው። ሸኛት። የዚያ ቀን ሥራ ይኸው ነበር፣ አለቀ።

ድኗል አልልም፤ "በኋላ" የሚልባቸው ቀናት አሁንም አሉ። እሷ ግን አንድም ቀን ፊቷ ሲጠቁር አላየሁም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያችው ወንበር፣ ትንሽ ትንሽ ታስጨምረዋለች። የሠራውን ግድግዳ ላይ በለጠፈችለት ወረቀት ራሱ ምልክት ያደርግበታል። ትናንት ሳትመጣ በፊት ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ጠበቃት።

"የእናንተ ሰው ሰነፈ" የተባላችሁ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ እሷን አግኟት። ደግሜ እላለሁ፣ አግኟት! ስልኳን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ብቻ አትደውሉላት፤ አባባ ጋ ናት።