ኤ-ቲም፦ ተከታታዩ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?

ቅዳሜ ማታ ጎንደር ላይ ከጓደኞች ጋር ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ አክሽን ማየት ካማራችሁ የአራት ወታደሮችን ቡድን ታሪክ የሚተርከው የአሜሪካው ኤ-ቲም ጥሩ ምርጫ ነው። ግን የትኛው? እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ወይስ የ2010ሩ ፊልም?

ጊዜ፦ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ተከታታዩ አምስት ምዕራፍ አለው።

ወጪ፦ ፊልሙን ፒያሳ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ቁጭ ብሎ አንዴ መጨረስ ይቻላል። ተከታታዩ ካርድ ይበላል። መብራት ከጠፋ ግን አንዱ ክፍል አጭር ስለሆነ በላፕቶፑ ባትሪ ያልቃል።

ታሪኩ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። በተከታታዩ አራቱ ወታደሮች የቬትናም ዘማቾች ናቸው፤ በፊልሙ የኢራቅ። ተከታታዩ ውስጥ ጥይት እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ የሚሞት ሰው ግን እምብዛም የለም። ለልጆች የሚመቸውም ለዚህ ነው። ፊልሙ ጠንከር ይላል። ቢሆንም ታንክ በፓራሹት ተንጠልጥሎ አየር ላይ ሲተኩስ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ተዋናይ፦ በፊልሙ ሊያም ኒሰን ጥሩ ሃኒባል (የቡድኑ መሪ) ሆኗል። የተከታታዩን ተዋናይ “ሚስተር ቲ”ን ግን ማንም አልተካውም ባይ ነኝ።

ለአንድ ምሽት ሰብሰብ ካላችሁ ፊልሙን ክፈቱ። ክረምቱን ከልጆች ጋር ቤት የምትውሉ ከሆነ ተከታታዩን ጀምሩ።