ዲኤክስ፣ ሳሙራይ ወይስ ሃይሉክስ? ለወሎ መንገድ አሮጌ የጃፓን መኪና ለምትገዙ

አሮጌ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። "ሞተሩ ተነክቷል ወይ? ዘይት ይበላል ወይ?" ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተገላበጠው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይቀየራል። ውስጥ ውስጡን ዝገት የጨረሰው ሻንሲና ላሜራ ግን ገንዘብ ይበላል እንጂ አይድንም። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ፦ የምትገዙት አካሉን ነው፤ ሞተሩን ቀስ እያላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የምጽፈው መኪናን ከመመላለሻነት አልፎ ለሚወድ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ራሱ መፍታትና መግጠም ደስ ለሚለው። ለንጽጽሩ ሦስት መርጫለሁ። አንደኛዋ ሁላችንም የምናውቃት ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኬኢ 70 ትውልድ። ሁለተኛዋ ሱዙኪ ሳሙራይ፣ ባለ 1.3 ሊትሯ ኤስጄ 413። ሦስተኛው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው ኤልኤን 106።

ዋጋ እስኪወርድ ልጠብቅ የምትሉ ካላችሁ አትጠብቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ጃፓን ያው ያለው ነው። ስለዚህ ስትገዙ ነገ የምትሸጡትን ሳይሆን ይዛችሁ የምትቆዩትን አስቡ።

ሐረጎን ማውጣት

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ፈተና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ መኪናዋ ከሙቀት ወደ ብርድ፣ ከወፍራም አየር ወደ ስስ አየር ትሻገራለች። ድካሟ ሁሉ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል ማለት ነው። የዲኤክስ 4ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው። አዲስ ሳለ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ ደሴ ሲደርስ 45 አካባቢ ቀረ በሉት። ሳሙራይም ከዚህ ብዙ አትርቅም። የሃይሉክሱ 3ኤል ሞተር 90 አካባቢ ቢኖረውም ተሸክሞት የሚወጣው ክብደት ሌላ ነው። ሦስቱም ሐረጎን በፍጥነት አይወጡም። ልዩነቱ ያለው አወጣጣቸው ላይ ነው። ሃይሉክሱ ሞተሩ ሳይጮህ፣ ታች ባለ ዙር፣ ተረጋግቶ ይጎትታል። ዲኤክስ ሁለተኛ ማርሽ ይዛ ትጮሃለች፤ ግን ቀላል ስለሆነች ትወጣለች። ሳሙራይ ደግሞ አስፋልት ላይ ከሁለቱም ትደክማለች። የተሠራችው ለሌላ ነገር ነው።

ቤንዚን ለሚጠጡት ለሁለቱ ሌላም ጣጣ አለ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ያንኑ ቤንዚን ይለቃል፤ አየሩ ግን ያንሳል። ውጤቱን እሳት የሚሰጠው ካንዴላው ይነግራችኋል። ሐረጎን አውጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ሞተሩን አጥፉና ትንሽ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አንዱን ካንዴላ ፈትታችሁ ጫፉን እዩት። ጥቁር፣ ደረቅና እንደ ጥላሸት ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ልክ ነው። ጥቁር ሆኖ እርጥብ ከሆነና ዘይት ዘይት ከሸተተ ግን ጉዳዩ የካርቡሬተር አይደለም፤ ወይ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው ወይ የቫልቭ ጎሚኒ። ደላላው የቱንም ያህል ቢምል ይህች ትንሽ ብረት አትዋሽም።

ጥቁርና ደረቅ ከሆነ መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ዋና ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ጠበብ ባለች መቀየር፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ሰዓት ጥቂት ማስቀደም ነው። ኑሯችሁ ደሴ፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ ከሆነ ይህ ትክክል ነው። ግን በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ሰዎች ተጠንቀቁ። ለደጋ የጠበበች ቀዳዳ ቆላ ላይ ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ሞተሩም ይግላል፣ ያንኳኳል። የድሮዋን አትጣሏት፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጧት። ሃይሉክሱ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ካርቡሬተርም ካንዴላም የለውም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካበዛ የናፍጣ ፓምፑንና አፍንጫዎቹን ማስመርመር ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መኪናዋን የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይይዝና የመፍላቱን ልክ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ይህን አይሠራም። ብዙ ሰው ሐረጎ ላይ ሲያፈላ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል፣ ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ይቀይራል፤ የክዳኑን ነገር የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ የመጣል ልማድም በጣም ያሳዝነኛል። ለኮምቦልቻ ቀን የሚያግዝ ይመስላል። በደሴ ብርድ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የምትገዙት መኪና ቴርሞስታት ከሌለው አስገቡለት።

ቁልቁለቱም ከዳገቱ አያንስም። ሦስቱም ፊታቸው ዲስክ፣ ኋላቸው ታምቡር ነው። ስትወርዱ ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬን ላይ አትቁሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። መኪናዋን እንደገዛችሁ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስለውጡ።

ከአስፋልት ሲወጣ

እዚህ ላይ ሳሙራይ ትነሳለች። ክብደቷ 900 ኪሎ አካባቢ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ክረምት ላይ የወረኢሉና የጃማ መረሬ አፈር ሃይሉክስን ሲውጥ ሳሙራይ ላዩ ላይ ታልፋለች። ብትገባም ሦስት ሰው ገፍቶ ያወጣታል። ሃይሉክስ ከገባ ወይ ሌላ መኪና ወይ በሬ ያስፈልጋል።

ግን ሰውና ዕቃ ከተጫነ ነገሩ ይገለበጣል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ቤተሰብ ጭኖ የሚወጣ፣ ወይም ከወልዲያ በድልብ ዳገት አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ሃይሉክስ ይግዛ። ሳሙራይ ኋላ የሚቀመጥ ሰው አያመሰግናትም። ሁለቱም ፊትም ኋላም ባሌስትራ (የንብርብር ብረት ሞላ) ናቸው፤ ያነጥራሉ። ሃይሉክሱ ጭነት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሳሙራይ ግን ሁሌም ያው ናት። ሳሙራይን ስትሞክሩ ፍጥነት ጨምሩና መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ከተንቀጠቀጠ የፊት እግሯ መታጠፊያ ኩሽኔታዎች አልቀዋል። ከጎማው ጀርባ ግሪስ ፈስሶ ካያችሁ ደግሞ ጎሚኒው ሄዷል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ዋጋ ለመከራከር ግን በቂ ምክንያት ናቸው።

ዲኤክስ ከአስፋልት ስትወጣ ብዙ አትጠብቁባት። ሐይቅ ድረስ፣ መርሳ ድረስ፣ ከሚሴ ድረስ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ያ ይበቃታል።

እጃችሁን የምታስገቡበት

ለመማር የፈለገ ሰው ዲኤክስ ይግዛ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ኮፈኗን ስትከፍቱ መሬቱ ይታያል። እጅ የማይደርስበት ቦታ የለም። 4ኬ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በሰንሰለት የሚዞር ሞተር ስለሆነ "ይበጠስብኛል" የሚል ስጋት የለባችሁም። ቫልቩን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። አንድ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ)፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ቁልፍ፤ ሌላ ምንም አያሻም። ሲጠባብ ቫልቭ ይቃጠላል፤ ሲሰፋ ይንኳኳል። ትንሽ መንኳኳት ከዝምታ ይሻላል።

ሃይሉክሱ በቺንጊያ ነው የሚዞረው። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ሌላ ነው። ሳሙራይም ባለ ቺንጊያ ናት።

መለዋወጫን በተመለከተ ሃይሉክስ ይቀድማል። ደሴም ኮምቦልቻም ዕቃው አለ፤ ችግሩ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ መለየቱ ነው። የዲኤክስ ብዙው ነገር ይገኛል፤ የጠፋውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስፈለግ ነው። የመብራትና የክሮም ጌጦቿ ግን እየተመናመኑ ነው፤ ሙሉ ጌጥ ያላትን ካገኛችሁ ጨመር አድርጋችሁም ቢሆን ውሰዷት። የሳሙራይ ዕቃ አንዳንዴ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። አንድ መውጫ አለ። ይህችው መኪና ህንድ ውስጥ ማሩቲ ጂፕሲ ተብላ ለብዙ ዓመታት ተሠርታለች። ከህንድ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው የምታውቁ ከሆነ ብዙ ነገር ይቀልላችኋል።

ማሳመር

ዲኤክስ የኋላ ጎማ ገፊ ናት። ከእሷ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ኮሮላ በአብዛኛው በፊት ጎማ ወደ መጎተት ዞሯል። ለዚህ ነው አውስትራሊያና ማሌዥያ ያሉ ወጣቶች ይህችን መኪና እንደ ብርቅ የሚፈልጓት። ጉልበት ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ 5ኬ ሞተር ነው። በቶዮታ ቫኖቹ በላይትኤስና በታውንኤስ ላይ፣ በፎርክሊፍትም ላይ ይገኛል። 1,486 ሲሲ ነው፤ ቤተሰቡ አንድ ስለሆነ በራሷ መቀመጫና በራሷ ካምቢዮ ላይ ይገባል። ሐረጎ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል። ሞላዎቹን ቆርጦ ዝቅ ማድረግን ግን አልደግፍም። ሆዷ ጉድጓድ በነካ ቁጥር የምትጎዳው ያችው የማትተካዋ ላሜራ ናት።

ሳሙራይ ላይ የቪታራን 1.6 ሞተር የሚያስገቡ አሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ፍሬኑንና ራዲያተሩን አብሮ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሃይሉክስ ላይ ቱርቦ መጨመርስ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ያ ሞተር ያለ ቱርቦ ረጅም ዕድሜ የኖረ ነው፤ ተዉት። ለእሱ ጥሩ ጎማና አዲስ አሞርዛተር ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን ኮሮላ ለምን ተውከው የሚል ይኖራል። ለየዕለት ሥራ ከሦስቱም የተሻለ ነው፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። መፍታትና መግጠም ለሚወድ ሰው ግን የዲኤክስን ያህል ቦታ አይሰጥም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ዲኤክስ ላይ የፊት መስታወቱን ሥር፣ የባትሪውን መቀመጫና የኋላ ጎማ ክቡን ፈትሹ። ምንጣፉን አንስታችሁ እግር ማሳረፊያውን በጣት ጫኑት። ሳሙራይ ላይ ወለሉንና አካሉ ከሻንሲው የሚታሰርባቸውን ቦታዎች እዩ። ሃይሉክስ ላይ የጭነቱን ሳጥን ትታችሁ ከሥሩ ግቡ፤ የኋላ ባሌስትራው የተንጠለጠለበት የሻንሲ ክፍል ተበይዶ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

መኪናዋን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ በብርዱ ራሳችሁ አስነሱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሐረጎን አውጧት።

መጨረሻ ላይ ሊብሬውን ከፍታችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሞተር የተቀየረላቸው ዲኤክሶች ብዙ ናቸው፤ መቀየሩ ነውር አይደለም። ግን ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ቦሎ ስታድሱም ስም ስታዛውሩም ያስቆማችኋል። ቀለም የተለወጠም እንደዚሁ ነው። ይህን ሻጩ በስሙ ሳለ ያስተካክል፤ እስኪያስተካክል ድረስም ቀብድ እንኳ አትስጡ።