የሴቪየር ማሽንን ሲዲዎች ገዝቼ የታዘብኩት (እማዬ ግን አልወደደችውም)

ሲዲ የሚገዛ ሰው አሁንም አለ እንዴ ለምትሉ፣ አለ፣ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር እዚህ ጀርመን ውስጥ ያገለገሉ ሲዲዎች ከሚሸጥ አንድ ኦንላይን ሱቅ ሴቪየር ማሽን የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ሦስት ሲዲ አዘዝኩ፦ የ1993ቱን የመጀመሪያ አልበም፣ «ሌጀንድ» ክፍል አንድን እና «ላይቭ ኢን ዶይችላንድ 1995» የሚለውን የመድረክ ቅጂ። ሱቁ «እንደ አዲስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ አንዱ ሲዲ ማቀፊያው ተሰንጥቆ፣ ቡክሌቱ ላይ ደግሞ የቡና ስኒ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ቁልጭ ብሎ ነው የደረሰኝ፣ ጽፌላቸው ይሄው እስከዛሬ ዝም። ለሱቁ ከአምስት ሁለት። ሲዲዎቹ ራሳቸው ግን ጭረት የላቸውም፣ ስለዚህ ወደ ሙዚቃው ልግባ።

ለማታውቋቸው፣ ሴቪየር ማሽንን በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሰረቱት ኤሪክ እና ጄፍ ክሌይተን የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ ኤሪክ ይዘፍናል ጄፍ ጊታር ይጫወታል፣ ስሙን የወሰዱት ከዴቪድ ቦዊ የ1970 ዘፈን ነው። የሚጫወቱት ክርስቲያን ጎቲክ ሜታል ነው፣ ጨለም ያለ ከባድ ሮክ በመንፈሳዊ ግጥም ማለት ነው። አዎ እንደዛ የሚባል ነገር አለ። ኤሪክ መድረክ ላይ ሲወጣ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ አድርጎ፣ ረዥም ልብስ ለብሶ ነው፣ እና ያፉ ቃል ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደውላ ቡክሌቱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አየችው።
«በስመአብ! ምንድነው እሱ?»
«ዘማሪ ነው እማ።»
«የማን ዘማሪ?»
«የጌታ።»
«ጌታ ራሱ ያውቃል?»

በሷ አልፈርድም፣ አሜሪካ ያሉ የክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮችም በዛን ጊዜ ከሷ ብዙም አልተለዩም፣ የሰውየውን መልክ አይተው ነው የሸሹት። እነ ኤሪክ በደንብ የሚሰማቸው ያገኙት አውሮፓ ነው፣ በተለይ ጀርመን፣ ማሳከር ሪከርድስ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ነው ሲያሳትምላቸው የኖረው። የላይቭ ሲዲው ስም «በጀርመን» የሆነው በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው።

እኔን ግን የሚገርመኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ እኛ ሀበሾች ይሄን ሙዚቃ ስንሰማ መደንገጣችን ነው። በሰሞነ ሕማማት ቤተክርስቲያኑ ጥቁር መጋረጃ ለብሶ፣ ካህናቱ ጥቁር ለብሰው፣ ሰዉ ጥቁር ለብሶ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ እያየ ያደገ ሰው ጎቲክ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልገዋል? በገና ራሱ በሉት፣ ያ ወፍራም ጅማት እየነዘረ ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ሲያንጎራጉር። የኤሪክ ድምጽ እዛ ቤት ነው ያለው፣ ወፍራም ባሪቶን፣ ሳይቸኩል፣ አንዳንዴ እየዘፈነ ሳይሆን እያነበበ የሚመስል፣ ከዛ ሳታስበው ድንገት ከፍ ይልና ጸጉርህ ይቆማል። ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ጉርምርምታ) ቀንሱና ስሙት፣ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ግምገማው። የመጀመሪያው አልበም አሪፍ ነው ግን የ90ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ያስታውቃል፣ ከበሮው ደረቅ ነው፣ ኪቦርዱም አንዳንድ ቦታ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ዘፈኖቹ ግን ጠንካራ ናቸው፣ ስለ ሌጌዎን የተሰራውን ብቻ ለመስማት መግዛት ያዋጣል፣ ያ በመቃብር መካከል ሲኖር የነበረው ሰውዬ ማለቴ ነው ማርቆስ 5 ላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ስብከት ላይ ሰምቼዋለሁ እንደዚህ ግን ያሳዘነኝ ቀን የለም።

«ሌጀንድ» ሌላ ጉዳይ ነው። ራእየ ዮሐንስን ከነ ሌሎቹ ትንቢቶች ወደ ሙዚቃ ለመቀየር የተነሳ ስራ ነው፣ ክፍል አንድ በ1997፣ ክፍል ሁለት በ1998፣ የክፍል ሦስት የመጀመሪያው ግማሽ በ2001 ወጣ፣ የመጨረሻው ግማሽ ይሄው በይፋ ሳይወጣ ቀረ። አስቡት፣ የዓለምን መጨረሻ የሚተርክ አልበም መጨረሻው የለም። አድናቂዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያነሱት እሮሮ ይሄ ነው። ኤሪክ በ2020 በራሱ ስም ሌላ አልበም ይዞ ሲመለስም ሰዉ «ያኛውስ?» ከማለት አልቦዘነም።

ክፍል አንድን ስሰማ የተሰማኝን በግልጽ ልናገር፣ ግማሹ ድንቅ ነው ግማሹ ደክሞኛል። ሲዲው አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ኳየሩ፣ ኦርኬስትራው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ጊታር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጨናንቅሃል፣ እና የበጉን ነገር ሲዘፍን የነበረው ሰው ወደ ጎግና ማጎግ ሲሻገር የአሜሪካ ቲቪ ሰባኪ ዜና እየተነተነ የሚመስልበት ቦታ አለ፣ የሰሜን ንጉሥ፣ የእስራኤል ወረራ፣ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት። አብሮኝ ሲሰማ የነበረው ጴንጤ ጓደኛዬ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ ሕዝቅኤል 38ን ከፈተ፣ ቁጥር 5 ላይ ከጎግ ጋር ከሚዘምቱት መሀል በአማርኛው ኢትዮጵያ ተብላ ተጽፋለች። «እኛ በየትኛው ወገን ነን ታዲያ?» አለ። በቃ ከዛ በኋላ ያንን ዘፈን ያለ ሳቅ መስማት አልቻልንም፣ ግን እውነት ለመናገር ጥያቄው ቀልድ አይደለም፣ ትንቢትን እንደ ካርታ የሚያነብ ሰው ካርታው ላይ የሚኖር ሕዝብ እንዳለ ይረሳል።

ላይቭ ሲዲውስ? እሱን ነው መጀመሪያ ግዙ የምላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ነው ዘፈኖቹ፣ «ሌጀንድ» ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ኳየርና ክምር የለም፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ኪቦርድ እና ድምጹ። ስቱዲዮው ውስጥ ደረቅ የነበረው ከበሮ እዚህ ሥጋ ለብሷል። ኤሪክ ዘፈን ከዘፈን መሀል ዝም ሲል ራሱ ትርኢት ነው፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ፊቱን ሳታዩት እንኳን የሆነ ሰው ክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስላችኋል፣ እኔ አንዴ መብራት አብርቻለሁ፣ አላፍርም።

ስዊድን ያለው ሌላው ጓደኛዬ ግን በዚህ አይስማማም፣ ለሱ የክርስቲያን ዱም (ቀስ የሚል ከባድ ሜታል) ንጉሥ የአገሩ ልጆች ቬኒ ዶሚኔ ናቸው («የአገሩ» ስል ደብረ ብርሃን ነው የተወለደው፣ ያው ፓስፖርት አግኝቷል)፣ የ1992ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን እያነሳ ራእየ ዮሐንስን ከሴቪየር ማሽን ቀድመው ነክተውታል ይላል፣ ልክ ነው። እኔ ደሞ ጎቲክ ካልን ቨርጂን ብላክን አትርሱ ባይ ነኝ፣ የአውስትራሊያ የአደሌዱ ባንድ፣ ራሳቸውን ክርስቲያን ባንድ ብለው ባይለጥፉም «ሬኩዊየም» የሚለውን ባለ ሦስት ክፍል ስራቸውን ከከተማቸው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ነው የቀዱት፣ ሁለቱ ክፍሎች በ2007 እና በ2008 ወጡ፣ ሦስተኛው እስከ 2018 አስጠበቀን። በቅንብር ከሄድን ሴቪየር ማሽንን ያስንቃሉ። ግን ኦርኬስትራ በየመድረኩ ይዘህ አትዞርም፣ ኤሪክ ግን ድምጹንና ቀለሙን ይዞ ከመጣ ሾው አለ።

ስለ ሾው ካነሳን፣ እዚህ አውሮፓ እንዲህ አይነት ባንዶችን የምታገኙት ትልልቅ ስታዲየም አይደለም፣ ስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ እንደሚደረገው ኤለመንትስ ኦፍ ሮክ አይነት ትንንሽ ፌስቲቫሎች ላይ ነው። እኔ አንዴ ስሙን የማልጠራው አንድ አዳራሽ ሄጄ ሳውንዱን አበላሽተውት ዘፋኙ አፉ ሲከፈት ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። ቢሆንም የባንዶቹ ቲሸርትና ሲዲ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ጋ ረዥም ጥቁር ኮት የለበሰ ሁለት ሜትር የሚሆን ጺማም ሰውዬ «የት አገር ነህ?» ብሎኝ ኢትዮጵያ ስለው «እናንተ ጋ መጽሐፈ ሄኖክ ቅዱስ መጽሐፍ ነው አይደል?» ብሎ ግማሽ ሰዓት ያዘኝ፣ ስለ ወደቁት መላእክት ከኔ በላይ ያውቃል፣ አፈርኩ፣ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ፣ ላይቭ ሲዲው አራት ተኩል፣ የመጀመሪያው አልበም አራት፣ «ሌጀንድ» ክፍል አንድ ደግሞ ሦስት ተኩል፣ እሱንም በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት፣ ለሁለት ቀን ክፈሉት። ዋጋቸው እንደ እድላችሁ ነው፣ ያገለገለ ካልሆነ ማግኘት ቀላል አይደለም። ክፍል ሁለትን የሚሸጥ ካለ ይጻፍልኝ፣ ቡክሌቱ ላይ ስኒ ያልተቀመጠበት ከሆነ።