«ካርቡሬተር ማስተካከል ብቻ ነው የቀራት» የተባለች የጀልባ ሞተር እንዳትገዙ

ባሕር ዳር አካባቢ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ብር የያዛችሁ፣ እስኪ ይቺን አንብቡና ከዚያ ሂዱ። ነገሩ ለባቱም፣ ለሐዋሳም፣ ለአርባ ምንጭም ይሠራል።

ሻጮች አንድ ንግግር ለምደዋል። «ሞተሯ አንደኛ ናት፣ ካርቡሬተር ማስተካከል ብቻ ነው የቀራት።» ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል ነው። ይህን ንግግር ስትሰሙ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ዘጌ መስመር ላይ ሰው የሚያመላልሱ ሁለት ጓደኞቼ ተሻርከው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር ገዙ። ያገለገለች ናት፤ ሽፋኗ ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ በርሜል ውሃ ሞልቶ አስነሳላቸው። ታጨሳለች። ጋዝ ሲሰጧት እየተንገዳገደች ነው የምትነሳው። «ካርቡሬተሯ ነው» አለና የራሱን መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ካቻቪቴ ይዞ መጣ፣ ካርቡሬተሩን አውርዶ ጥግ ላይ ሲነካካ ቆየ፣ መልሶ አሰረው። ጭሱ ቀነሰ። ጋዝ ሲሰጧት እሪ አለች። ብሩ ተከፈለ። ማስተካከያው ደግሞ በነፃ ነበር፤ ምርቃት መሆኑ ነው።

ወር ሳይሞላ ከዘጌ ወደ ደቅ ሲሄዱ ሙሉ ጋዝ ላይ ቀጥ አለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ሞተር በሌለው ጀልባ ጣና መሃል መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደግነቱ ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎተታቸው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲከፈት የላይኛው ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። የታችኛው ፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ደግሞ ከድሮም ያለቀለት ነው። ሻጩ ሲደወልለት «ዘይት አሳንሳችሁ ነው» አለ። አሁን ስልክ አያነሳም።

ዘይት አላሳነሱም። ካርቡሬተሩ ሲፈታ ዋናው ጄት ተቀይሮ ተገኘ። ጄት ማለት መሃሏ ላይ ቤንዚን የሚመጠንበት ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ላይዋ ላይ ቁጥር ተቀርጾባታል። የተገኘው ቁጥር የሞተሩ መጽሐፍ ከሚለው በጣም ያነሰ ነው። ከሌላ ትንሽ ሞተር የወጣች ሳትሆን አትቀርም።

ይሄ ለምን ገዳይ እንደሆነ ልብ በሉ። ቱ ስትሮክ እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ነው። አብዛኞቹ የሚፈልጉት ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ አዲስ ወይም ገና የታደሰ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ25 ሊትር 1 ሊትር። ስለዚህ ቤንዚኑን ያጠበበ ሰው ዘይቱንም አጥቧል። በዚያ ላይ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሙቀቱ ይጨምራል። ሙቀት ጨምሮ ዘይት ቀንሶ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ፒስተኑ ያብጥና ሲሊንደሩን ይይዛል። የሚያናድደው፣ ሞተሯ ከመሞቷ በፊት ያለው ጊዜ በጣም የምታምርበት ጊዜ መሆኑ ነው። አታጨስም፣ ድምጿ ጥርት ያለ ነው፣ ጋዝ ስትነኳት ትዘላለች። ገዢ ይህን ሲያይ ተጠገነች ይላል።

ማታለያው የሚያሳምነው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከሌላ የባሕር ዳርቻ የመጣች ሞተር ጄቷ ለዚያ ወፍራም አየር የተመጠነ ነው። እዚህ ስትመጣ ቤንዚን ይበዛባታል። ታጨሳለች፣ ካንዴላዋ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ይጠቁራል፣ ጋዝ ላይ ትከብዳለች። ለዚህ አምራቾቹ ለከፍታ የሚሆን ጄት በቁጥር ይናገራሉ፤ ደረጃ በደረጃ አነስ ያለ ጄት ይገባል። ስለዚህ ጄት መቀየር በራሱ ሌብነት አይደለም። ሌብነቱ ቁጥሩን ሳያዩ፣ ውሃ ላይ ሳይፈትኑ፣ ጭሱ እስኪጠፋ ብቻ ማጥበብ ነው።

የተስተካከለ ጄትም ቢሆን የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል አቅም ያጣል። ባለ 40ዋ ጣና ላይ ወደ 33 ወርዳለች ማለት ነው። «ካርቡሬተሯን አስተካክዬ ሙሉ 40 ፈረስ አወጣላችኋለሁ» የሚል ሰው አየሩን ካላወፈረ በቀር አይችልም። የሚረዳው ጥርሱ አነስ ያለ፣ ማለትም በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ማሰር ነው። ጫሞ ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ለጣና የተጠበበች ሞተር አርባ ምንጭ ከወረደች ቤንዚን ሊያንሳት ይችላል። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የተሸጠች ሞተር ስትገዙ የጄቱን ቁጥር ጠይቁ።

ስለ ብሎኖቹም ትንሽ። ካርቡሬተሩን ሳይፈቱ ከውጭ በካቻቪቴ የሚነኩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሌላው ሚኒሞ ላይ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይመጥናል። ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን የሚሰጠው ያ ዋናው ጄት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠብቅ የሚላላ ነገር የለውም። በጣም የቆዩ ሞተሮች ላይ ለፍጥነትም ማስተካከያ ብሎን የነበራቸው አሉ፤ የዛሬዎቹ ግን በአብዛኛው የላቸውም። እንግዲህ «ፍጥነት አልሰጥ ያለችው ብሎኗ ስላልተስተካከለ ነው» የሚል መካኒክ ወይ አያውቅም ወይ እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል። የድብልቁን ብሎን እስከ መጨረሻው በኃይል የሚያጠብቅ ካያችሁ ደግሞ አስቁሙት። ጫፉ እንደ መርፌ ነው፤ ከተጨፈለቀ ካርቡሬተሩ ከዚያ ወዲያ በልክ አይሠራም። ትክክለኛው በቀስታ እስኪነካ ማስገባትና መጽሐፉ በሚለው ዙር መልሶ ማላላት ነው። ጄትን በሽቦ የሚጎረጉርም አለ። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ጄት የሚጸዳው በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ነው።

ታዲያ ጉልበት ያጣችው በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሻጩ የሚያውቀው ነገር አለ። ፋሻ ያለቀባት፣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) የነፋባት፣ ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያዋ በእምቦጭ ተዘግቶ አንዴ የጋለች ናት። የጓደኞቼም የታችኛው ሲሊንደር ገና ስትሸጥ ደክሟል። ካርቡሬተር ሰበብ ነበር። በርሜል ውስጥ ደግሞ ይሄ አይታይም። በርሜል ውስጥ ፕሮፔለሩ ሸክም የለውም፣ ውሃውን ነው የሚያምሰው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። መለኪያው ውድ አይደለም፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይገኛል። ሞተሯ ትሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ጋዙ ሙሉ ይከፈት፣ ከዚያ ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ስለ ካርቡሬተር ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ለኪውን እናንተ አምጡት፤ የሻጩ መካኒክ የሻጩ ነው።

ቀጥሎ ውሃ ላይ ውጡ። ሰው ወይም አሸዋ ጫኑ፣ መቅዘፊያ አትርሱ። ጥቂት ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ሂዱና ሚኒሞ ላይ ሳታቆዩ ባለችበት አጥፏት። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ፣ በተለይ ሸክላው ያበጠ ወይም የቀለጠ ነገር ካለበት፣ ሞተሯን ወደ ሻጩ መልሱና ሻይ ጠጡ። የዙር መለኪያ ካገኛችሁ ባለ 40 ሞተሮች ብዙዎቹ ሙሉ ጋዝ ላይ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ነው የሚሄዱት። ሻጩ «ነዳጅ የለም፣ ውሃ ላይ አላወጣም» ካለ ነዳጁን ራሳችሁ ግዙ። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ግን ሳታጣሩ አትጨምሩ፤ ውሃና ነጭ ጋዝ የገባበት ብዙ ነው፣ ጥሩዋንም ሞተር ያሳምማታል።

ብዙ ጊዜ ከጀልባው ጋር የምትታሰርበት ብረት ላይ የሞተሯ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ከተፋቀ ወይም ከተነቀለ አትንኩት። ሽፋን ይቀየራል፣ «40» የሚል ተለጣፊም የትም ይታተማል። ነጋዴ ከሆነ ደረሰኝ ይስጣችሁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ያስገድደዋል። ግለሰብ ከሆነ የሞተሩን ቁጥርና «ውሃ ላይ ተፈትኖ» የሚል ቃል ያለበት ውል በምስክር ይጻፍ። ጓደኞቼ በእጃቸው ያለው የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ብቻ ነው። እሱም ስለ ምን እንደተከፈለ አይልም።

እንዲህ ያለች ሞተር ገዝታችሁ አሁን እየሠራችባችሁ ካለች ሙሉ ጋዝ አትስጧት። ዛሬውኑ ካርቡሬተሩን አስፈትታችሁ የጄቱን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። «እስከዚያው ዘይት ልጨምርበት» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው መጠን ያው ነው። ዘይቱ ሲበዛ የቤንዚኑን ቦታ ይወስዳል፣ ድብልቁ ይባስ ቤንዚን ያንሰዋል። ዘይቱን በልኩ አድርጉና ጄቱን ቀይሩት።