«ኦሪጅናል የድሮ አዲስ አበባ ፖስት ካርድ» ሲሏችሁ ጀርባውን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ

የአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ የድሬዳዋ ባቡር፣ የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገዶች... እነዚህን የሚያሳዩ ፖስት ካርዶች በቴሌግራምም በኢንተርኔት ጨረታም ይሸጣሉ። በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ በጥቅል የሚቀርበውን ነው፦ «አሥር ካርድ፣ ሁሉም ኦሪጅናል፣ ከአያት አልበም የወጣ፣ ዛሬ ካልወሰድክ ሌላ ሰው ይዞታል»። ፎቶው የፊቱን ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለው ጥቅል ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ወፍራም ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ሻይ ውስጥ ተነክሮ የደረቀ ነው። ቅጂ መሸጥ በራሱ ነውር የለበትም፤ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚፈልግ ሰው በቅጂ ዋጋ ቢገዛው መልካም። ነውሩ የኦሪጅናል ዋጋ መጠየቁ ነው።

መጀመሪያ ካርዱ ከማስመሪያ ጎን ተቀምጦ ፊቱም ጀርባውም እንዲነሣ ጠይቁ። የድሮው መጠን 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅጂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 በ15 ሆኖ ይመጣል፤ ፎቶ ቤቶች ያላቸው ወረቀት እሱ ነውና። የሁለቱ ምጥጥን ስለማይገጥም ወይ ከታች ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ይቆረጣል፣ ወይ ነጩ ጠርዝ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ይጠባል። በጣሊያን ዘመን ትልልቅ ካርዶችም ስለታተሙ በመጠን ብቻ አትፍረዱ።

ጀርባው ብዙ ይናገራል። የጥንቱ ካርድ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ ስለነበር መካከለኛ መስመር የለውም። መልእክትና አድራሻ በመስመር ተከፍለው ጎን ለጎን እንዲጻፉ እንግሊዝ በ1902፣ ፈረንሳይ በ1903 መጨረሻ፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ፈቀዱ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የኢትዮጵያ ካርዶች በአብዛኛው አውሮፓ ይታተሙ ስለነበር፣ «የ1899 እ.ኤ.አ. ነው» የተባለ ካርድ ጀርባው ለሁለት ከተከፈለ ዓመቱ ውሸት ነው።

ምስሉንም ከዓመቱ ጋር አስተያዩት። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1930 እ.ኤ.አ.፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ ነው፤ ጣሊያኖች በ1936 አንሥተውት ከነፃነት በኋላ ተመልሷል። ስለዚህ ሐውልቱ እየታየ «1910» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው። የዘመን አቆጣጠሩንም አጥብቃችሁ ጠይቁ። በእኛ 1928 የወረራው ጊዜ ነው፤ በአውሮፓውያን 1928 ግን ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት ዓመት። «የ1928 ካርድ» ብሎ ዝም የሚል ሻጭ ሁለቱንም ዓይነት ገዢ ለመያዝ ነው። በጣሊያን ካርዶች ላይ በሮማውያን አኃዝ 14 ተጽፎ ብታዩ የፋሺስቱ ዘመን ቁጥር ነው፤ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ያለው ዓመት።

ካርዱ እጃችሁ ሲገባ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። እውነተኛ የፎቶ ወረቀት ካርድ ምንም ነጥብ አይታይበትም፤ ጥቁሩ ወደ ነጭ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ጨለማው ክፍል ላይ በጎን ብርሃን ስታዩት ብርማ ጸዳል ሊኖረው ይችላል። ኮሎታይፕ የሚባለው የድሮ ኅትመት እንደ ተሸበሸበ ቆዳ ያለ ደቃቅ ዝብርቅርቅ ቅንጣት አለው። የዛሬ ማተሚያ ግን በረድፍ የተደረደሩ ነጥቦች (አንዳንድ የድሮ ኅትመትም እንዲህ ስለሆነ በዚህ ብቻ አትፍረዱ)፣ ኢንክጄት የሚባለው ቀለም የሚረጭ ማተሚያ ከሆነ ደግሞ የተረጩ ባለቀለም ነጥቦች ያሳያል። ከሁሉ የሚያጋልጠው ጀርባው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የፖስታ ማኅተሙና የብዕሩ ቀለም እንደ ምስሉ በነጥብ ከተሠሩ፣ ደብዳቤው ራሱ ታትሟል ማለት ነው። ለዚህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

365 ናኖሜትር የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራትም ይረዳል። ወረቀት የሚያነጡ ኬሚካሎች በስፋት የገቡት ከ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ፣ በጨለማ ክፍል መብራቱ ሲያርፍበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ካርድ የምኒልክ ዘመን ሊሆን አይችልም። ባያበራ ግን ጥንታዊ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ኬሚካሉ የሌለበት ዘመናዊ ወረቀትም አለ። ሻይ የጠጣ ወረቀት ደግሞ ቡናማነቱ በእኩል ይዳረሳል፣ በተቆረጠው ጠርዝ ገብቶ ይጠቁራል። በአልበም የኖረ ካርድ አራቱ ማዕዘኖቹ መያዣው የሸፈናቸውን ያህል ፈካ ይላሉ።

ቴምብር ካለው ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረትን የተቀላቀለችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ ተልኳል የተባለ ካርድ የምኒልክ ቴምብር ብቻ ኖሮት የጅቡቲ ወይም የፈረንሳይ ፖስታ ምልክት ከሌለው ጠርጥሩ። ማኅተሙ ከቴምብሩ አልፎ ካርዱንም መንካቱን እዩ፤ ማኅተሙ ቴምብሩ ጠርዝ ላይ ከተቋረጠ፣ ቴምብሩ ከሌላ ቦታ ተልጦ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ፦ ውጭ ያላችሁ በፔይፓል «ለወዳጅ ዘመድ» በሚለው መንገድ አትላኩ፤ የገዢ ከለላ የለውም። ለዕቃ ግዢ በሚለው ከከፈላችሁ ግን እስከ 180 ቀን ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። አገር ቤት በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ የተላከ ብር በሻጩ ፈቃድ ካልሆነ መመለሱ ከባድ ስለሆነ፣ በአካል አይቶ መክፈል ይሻላል። ሻጩ «ቅጂ ሆኖ ከተገኘ እመልሳለሁ» ብሎ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ጠይቁት፤ እውነተኛ ሻጭ ይህ አይከብደውም።

የድሮውን ካርድ ከዛሬው ቦታ ጋር አስተያይታችሁ ፎቶ የምትለጥፉም ብትሆኑ፣ የካርዱን ስካን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ጥራት አታውጡ። ቅጂ አታሚዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ረጅሙ ጎን 800 ፒክሰል ቢሆን ለስልክ ይበቃል፣ ለማተም ግን ይደበዝዛል። ስማችሁን ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ አኑሩት፤ ጠርዙ በአንድ መቁረጫ ይጠፋል። የተሸወዳችሁበት ካርድ ካለ ደግሞ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉ፣ ነገ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ እንዳያሳስት።