ድምፅ እንጂ ጉልበት አልጨመረም፦ ቶዮታ 86 ላይ የገጠምኩት የአየር ፊልትሮ ከወራት በኋላ

መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ። አይ፣ መኪናዋ አልፈጠነችም። ፊልትሮውን ቀይሬ ወራት ነድቻለሁ፤ ዝናቡንም አቧራውንም አይቷል። ጉልበት የሚባል ነገር ግን አልጨመረም። ይሁን እንጂ ፊልትሮው አሁንም እዚያው ነው፣ የማወጣውም አይመስለኝም።

መኪናዋ የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 ናት። ባለ 2.0 ሊትር ቦክሰር ሞተር (ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ)፣ 200 የፈረስ ጉልበቷን በ7000 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ላይ የምታወጣ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ የሌላት። ቱርቦ እንደሌላት ልብ በሉ፤ ቱርቦ ያለው መኪና ሌላ ሒሳብ አለው። የገጠምኩት ደግሞ ኦሪጅናሉ ሳጥን ውስጥ፣ በወረቀቱ ፊልትሮ ቦታ ቁጭ የሚል ጠፍጣፋ ፊልትሮ፣ ፓነል የሚሉት ነው። ከሰው ሠራሽ ፋይበር የተሠራ፣ የሚታጠብ፣ ዘይት የማይቀባ። ደረቅ ይሉታል።

ስመርጥ መጀመሪያ ከምርጫ ያስወጣሁት ኮን ፊልትሮውን ነው፤ በሳጥኑ ፈንታ የሚገጠመውን ሾጣጣ ፊልትሮ። ኮፈኑ ሲከፈት ያምራል፣ አልዋሽም። ድምፁም ደስ ይላል። ግን ሳጥኑን አውልቃችሁ ፊልትሮውን ኮፈን ስር ራቁቱን ስትተዉት፣ የሚስበው ራዲያተሩና ሞተሩ ያሞቁትን አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በ20 ዲግሪ የነበረ አየር 50 ዲግሪ ሲደርስ በተመሳሳይ ቦታ የሚይዘው ክብደት 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ደግሞ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። አየሩ ካነሰ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁንም ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። የ86 ኦሪጅናል ሳጥን ከፊት በኩል፣ ራዲያተሩ አናት አካባቢ ካለው አፍ ነው ቀዝቃዛ አየር የሚስበው። ኢንጂነሮቹ ሠርተው የጨረሱትን ሥራ ከፍዬ ላፈርስ?

ኮኑን በመከለያ የሚሸፍኑ አሉ፣ እሱ ይሻላል። ቱቦውን አስረዝመው ፊልትሮውን ከባምፐር ጀርባ ወደ ታች የሚያወርዱም አሉ። ቀዝቃዛ አየር በእርግጥ ያገኛሉ። ግን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ሞተሩ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የሚጣመመው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ነው። ለትንሽ ድምፅ ሲባል ይህን ያህል አደጋ አልወስድም።

ሁለተኛው አማራጭ ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ያለው ኬኤንድኤን ስሙን የተከለው በዚህ ነው፤ በተለመደ የመንገድ አነዳድ እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ሳይታጠብ ይሠራል ይላል። መጥፎ ፊልትሮ አይደለም። የኔ ፍርሃት ከፊልትሮው ኋላ ባለው ሴንሰር ላይ ነው። ማፍ የሚሉት ሴንሰር ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። በኤሌክትሪክ ትግላለች፣ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተነስቶ የገባውን የአየር መጠን ያሰላል። ፊልትሮው ከታጠበ በኋላ ዘይት ከበዛበት፣ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ሄዶ ሽቦዋ ላይ ይለጠፋል። ያኔ ሴንሰሩ የገባውን አየር አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። በልኩ ከተቀባ ችግር የለውም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው። ግን እጄን አውቀዋለሁ፤ በሩ ላይ ቀለም ስቀባ እንኳን አብዝቼ ነው።

ስለዚህ ደረቁ። ያም ሆኖ ደረቅ ስለሆነ ብቻ አልገዛሁትም። ማስታወቂያዎች ሁሌ የሚያወሩት ስንት አየር ያሳልፋል የሚለውን ነው። ስንት አቧራ ያስቀራል የሚለውን ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። አይኤስኦ 5011 የሚባል የመፈተሻ ደረጃ አለ። የተመዘነ አቧራ ፊልትሮው ላይ ይለቀቃል፣ የቀረውና ያለፈው ይለካል። አንዱ ፊልትሮ 99 በመቶ ያስቀራል፣ ሌላው 97 በመቶ ቢባል ብዙ ሰው «ሁለት በመቶ ምን አላት» ይላል። ከሞተሩ በኩል እዩት እንጂ። የመጀመሪያው ከመቶ አንድ ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ሦስት። ሞተሩ የሚበላው አቧራ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያ አቧራ አሸዋ አለበት፤ የፒስተኑን ቀለበት (ፋሻ) እና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። በዚህ ደረጃ የተለካ ቁጥር ያላወጣ ፊልትሮ ከሆነ እኔ አልፈዋለሁ፣ የቱንም ያህል ቀይና የሚያብረቀርቅ ቢሆን።

ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር አለ። ወረቀት ፊልትሮ ትንሽ ሲቆሽሽ የማጣራት አቅሙ ይሻሻላል። የተጠራቀመው አቧራ ራሱ ተከታዩን አቧራ ይይዛል። በየጊዜው እያወጡ በኮምፕረሰር መንፋት እንግዲህ ለሞተሩ ውለታ አይደለም፤ ወረቀቱም ይቀደዳል።

ፊልትሮው ጥሩ ሆኖ ጠርዙ ካልገጠመ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ከንቱ ነው። አየር ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። የዚህኛው የጠርዝ ጎማ ከኦሪጅናሉ ጠንከር ያለ ነው። መጀመሪያ ስገጥመው ከሳጥኑ ክሊፖች አንዱ አልገባ ብሎ በጉልበት መጫን ነበረብኝ። ጥርጣሬ ስለገባኝ ጎማው ላይ የሕፃን ፓውደር በስሱ ነሰነስኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። ነጩ መስመር ክዳኑ ላይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ታትሟል። አንዱ ማዕዘን ላይ ብቻ ሳሳ ያለ ነበር፤ ፓነሉን በጣት ወደዚያው ገፋ አድርጌ ደገምኩት፣ ሞላ። ከዚያ ፓውደሩን በደንብ ጠርጌ ገጠምኩት። አሁን ጎማው የሳጥኑን ቅርጽ ይዟል፣ ክሊፑም ያለ ትግል ይዘጋል።

ዋናው ፈተና ነጭ ጨርቅ ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፈታችሁ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ቡናማ ዱቄት ከወጣ አቧራ እያለፈ ነው። አቧራማ መንገድ ላይ ከነዳሁ በኋላ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሚወጣው ስስ ግራጫ ቅባት ነው፤ እሱ ከሞተሩ ትንፋሽ የሚመለስ ዘይት ነው፣ በወረቀቱም ጊዜ ነበር። በጣት ስፈትገው የሚሻክር ነገር የለውም። ፊልትሮውን ያቆየሁትም በዚህ ነው።

ወደ ጉልበቱ ልመለስ። ባለ 2 ሊትር ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ሙሉ መጠኑን ይስባል። በ7000 አርፒኤም ሲሰላ በደቂቃ 7 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ነው። ብዙ ነው፣ ግን ንጹሕ ወረቀት ፊልትሮ ያን ያህል አያንቀውም። በተለመደው አነዳድ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን የምትረግጡት በከፊል ነው፤ ያኔ አየሩን የሚያንቀው በመስጫው የሚከፈተውና የሚዘጋው የአየር በር፣ ስሮትሉ ራሱ ነው። የፊልትሮ ልዩነት ሊታይ የሚችለው መስጫው ወለል ሲነካና አርፒኤሙ ጣሪያ ሲደርስ ነው፤ እዚያም ቢሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚለየው ሰው ካለ ላግኘው። 86 ያላችሁ ከ3500 እስከ 4500 አርፒኤም ያለውን መድከም ታውቁታላችሁ። እሱም አልነካውም፣ እንዳለ አለ። እሱን የሚያስተካክለው የጭስ ማውጫ ሄደር (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) እና የሞተሩ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውንም እርሱት። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በዘመናዊ የነዳጅ ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳን የነዳጅ ፍጆታን አልጨመረም። የተጎዳው ፍጥነት የመጨመር አቅሙ ነው። የተደፈነው ካላባከነ፣ አዲሱ ከየት አምጥቶ ይቆጥባል?

የተለወጠው ድምፁ ነው። በ86 ላይ የአየር ማስገቢያውን ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያመጣ ቱቦ ፋብሪካው ራሱ ገጥሟል፣ ስለዚህ ትንሽ ለውጥም ጆሮ ይገባል። ከ4000 አርፒኤም በላይ ወፈር ያለ፣ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ተጨምሯል። አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ምንም አላስተዋሉም። እኔ ግን ማርሽ ለመቀየር አንድ ሰከንድ አዘገያለሁ። ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ አይጮህም፣ ከኮን የሚለየው አንዱ ይሄ ነው።

በኦቢዲ አንባቢ (ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ) የማያቸው ቁጥሮችም አልተረበሹም። የሚገባው አየር ሙቀት እንደ ድሮው ነው። የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚያርምበት መጠን፣ ከዜሮ ብዙ አልራቀም። ቼክ ኢንጂን አልበራም።

ማጠቡ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ አቧራውን ቀስ ብላችሁ አራግፉ። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው በቀስታ ውሃ አሳልፉ። በተቃራኒው ካጠባችሁት አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የምትነዱት። ኮምፕረሰርም ፀጉር ማድረቂያም አይነካውም፤ ጥላ ውስጥ ራሱ ይድረቅ። እጥፋቶቹ ሥር ያለው እርጥበት ከምታስቡት በላይ ይቆያል፣ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እስኪደርቅ ድረስ መኪናዋ ካስፈለገችኝ ኦሪጅናሉን ወረቀት እመልሳለሁ። እሱን እንዳትጥሉት፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።