ለጣርማበር ዳገትም ለደብረ ብርሃን ገበያም የሚሆን፦ ጎልፍ ጂቲአይ ሰባተኛው ትውልድ

ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል፤ ጣርማበር ሲደርስማ ጭራሽ ይለግማል። የቮልስዋገኗን መኪና ጎልፍ ጂቲአይን የምንመርጠው ለዚህ ነው። ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ 220 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር ስለሚያምቅ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይወጣዋል። አምስት ሰው ይይዛል፣ የኋላ መጫኛውም 380 ሊትር ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ወንበር አጥፎ መጫን ይቻላል።

ዋናው ፈተና ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬን ላይ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ካምቢዮውን በእጅ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ማድረግ፣ የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ መቀየር የግድ ነው።

ባለ 18 ኢንች ቸርኬውን ተዉት። 225/45 አር17 ጎማ ጉድጓድ ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ከመግዛት በፊት የውሃ ፓምፑን እዩ። ከቴርሞስታቱ ጋር የተያያዘው የፕላስቲክ ቤቱ ይሰነጠቅና ውሃ ያንጠባጥባል፤ በዳገት ላይ ሞተር የሚያግለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። አውቶማቲኩ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ይፈልጋል። የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ ዋጋ አስቀንሱ፤ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን አትግዙት።